የናቪያንስ ግምገማ፦ አረንጓዴው ምልክት የሚነግረንና የማይነግረን

አሜሪካ ውስጥ ልጁን ሃይ ስኩል የሚያስተምር ወላጅ፣ ልጁ 11ኛ ክፍል ሲደርስ ናቪያንስ የሚለውን ስም መስማቱ አይቀርም፤ ትምህርት ቤቶች ለኮሌጅ ማመልከቻ የሚጠቀሙበት የኢንተርኔት ሲስተም ነው። ናቪያንስ ባለበት ትምህርት ቤት የኮሌጅ ዝርዝር የሚያዘው፣ ትራንስክሪፕት (የትምህርት ውጤት ማስረጃ) የሚላከው፣ የመምህር የድጋፍ ደብዳቤ የሚጠየቀው በእሱ ነው። ተማሪው ግን ገብቶ መጀመሪያ የሚከፍተው ሌላ ገጽ ነው፤ ስካተርግራም የሚባለውን ሥዕል። ከዚያው ትምህርት ቤት ቀደም ብለው ያመለከቱ ልጆች በስንት ጂፒኤ (አማካይ የክፍል ውጤት) እና በስንት ኤስኤቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተና) የት እንደገቡ፣ የት እንዳልተሳካላቸው በምልክት በምልክት ተዘርግቶ ይታያል። የአንድ ክፍል ልጆች ለአንድ ኮሌጅ ሲሻሙ ራሳቸውን የሚለኩት በዚህ ሥዕል ስለሆነ፣ ግምገማችን በአብዛኛው እሱ ላይ ያተኩራል።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ናቪያንስ የኮሌጅ ዝርዝር ለማውጣት ጥሩ መሣሪያ ነው። አጠገባችሁ የተቀመጠውን ልጅ ለመመዘን ግን አልተሠራም፤ ለዚያ የሚጠቀሙበት ተማሪዎች ሊገቡበት ይችሉ የነበረውን ኮሌጅ ሳያመለክቱ ይቀራሉ፣ ወይም እንገባለን ብለው በማይሆን ተስፋ ይቀመጣሉ።

ሲስተሙ የተጀመረው በ2002 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ2007 ሆብሰንስ ገዛው፣ በ2021 ደግሞ ወደ ፓወርስኩል ተላለፈ። የሚሸጠው ለትምህርት ቤት ነው። ተማሪም ወላጅም አይከፍልም፤ በግል ልግዛው ቢባልም አይገኝም። ወላጅ የራሱን መግቢያ ከካውንስለሩ (ከትምህርት ቤቱ አማካሪ) ቢሮ መጠየቅ ይችላል፤ መጠየቅም አለበት።

ሥዕሉ እንዴት ይነበባል

አግድም የሚሄደው መስመር የኤስኤቲ (ከ1600) ወይም የኤሲቲ (ከ36) ውጤት ነው። ወደ ላይ የሚወጣው ጂፒኤ ነው። እያንዳንዱ ምልክት ከዚህ በፊት ያመለከተ አንድ ተማሪ ነው፦ የተቀበሉት በአረንጓዴ፣ ያልተቀበሉት በቀይ ኤክስ፣ ዌይትሊስት (የተጠባባቂዎች ዝርዝር) ላይ የገባው በሌላ ምልክት። የተቀበሏቸው ልጆች አማካይ ጂፒኤና አማካይ የፈተና ውጤት በመስመር ይታያል፤ የእናንተም ቦታ ለብቻው ምልክት ይደረግበታል። ጥቂት ልጆች ብቻ ያመለከቱበት ኮሌጅ ሲሆን ትምህርት ቤቱ ሥዕሉ እንዳይታይ ያደርጋል፤ ልጆቹ በውጤታቸው ተለይተው እንዳይታወቁ ነው። ስለዚህ ሥዕል የሌለው ኮሌጅ የማይገባበት ኮሌጅ ነው ብላችሁ ከዝርዝራችሁ አታውጡት። ከናንተ ትምህርት ቤት ብዙ ሰው አላመለከተበትም ማለት ብቻ ነው።

ብዙ ስህተት የሚነሣው ከጂፒኤው ነው። ሥዕሉ በዌይትድ (ለከባድ ትምህርት ተጨማሪ ነጥብ በሚሰጠው) ነው ወይስ በአንዌይትድ (በማይሰጠው) የሚለውን ሳያዩ የሚያነቡ ብዙ ናቸው። በአንዌይትድ ኤ ማለት የትም ቢሆን 4.0 ነው፤ በዌይትድ ግን በብዙ ትምህርት ቤቶች የኤፒ (በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት) ኤ 5.0 ሆኖ ይቆጠራል። በእጁ ላይ ያለውን 3.9 አንዌይትድ ይዞ በዌይትድ የተሠራ ሥዕል የሚያይ ልጅ ከሁሉም በታች የወደቀ ይመስለዋል፤ የራሱ ዌይትድ 4.5 ሆኖ ሳለ።

ሌላው ጂፒኤው የተጫነበት ጊዜ ነው። የቀድሞዎቹ ልጆች ምልክት የምረቃ ጂፒኤያቸውን ይዞ፣ የእናንተ ደግሞ የ11ኛ ክፍል ማብቂያውን ቢይዝ፣ የምታነጻጽሩት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው። በ12ኛ ክፍል ተጨማሪ ኤፒ የሚወስድ ልጅ ዌይትድ ጂፒኤው ከፍ ስለሚል፣ የቀድሞዎቹ ሁሉ ካሉበት ከፍ ብለው ይታያሉ። ካውንስለሩን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ሥዕሉ ላይ ያለው ጂፒኤ የየትኛው ሴሚስተር ነው? የስንት ዓመት አመልካቾችን ይዟል? መልሱን ሳትሰሙ ሥዕሉን ማንበብ አትጀምሩ።

ከዚያ አማካይ መስመሩን እርሱት። ለምን ቢባል፣ መስመሩ የሚሰላው ከተቀበሏቸው ልጆች ብቻ ነው። ከመስመሩ በላይ ሆነው ያልተሳካላቸው ቀዮች በስሌቱ ውስጥ የሉም። ሃያ ቀይ ከመስመሩ በላይ ቢኮለኮል መስመሩ ንቅንቅ አይልም።

በእሱ ፋንታ ሳጥን ሥሩ። የራሳችሁን ቦታ መሐል አድርጋችሁ በጂፒኤ 0.1 ወደ ላይና ወደ ታች፣ በኤስኤቲ 40 ወደ ግራና ወደ ቀኝ ውሰዱ። በዚያ ሳጥን ውስጥ ያሉትን ምልክቶች በወረቀት ላይ ቁጠሩ። ለምሳሌ 60 ምልክት ባለበት ሥዕል ላይ ሳጥናችሁ ውስጥ 14 ቢገኙ፣ ከእነሱም 4 አረንጓዴ፣ 7 ቀይ፣ 3 ዌይትሊስት ቢሆኑ፣ ከናንተ ጋር የሚመሳሰሉት የገቡት ከ14 አራቱ ናቸው፤ ከመቶ 29 ገደማ። አሁን ከአራቱ አረንጓዴዎች ሁለቱ ለስፖርት የተመለመሉ ነበሩ እንበል። እነሱን ስታወጡ የሚቀረው ከ12 ሁለት ነው፤ ከመቶ 17 ገደማ። ሁለት ምልክት ብቻ ወጥቶ ስሌቱ በግማሽ ሊወርድ ምንም አልቀረው። ሳጥኑ ውስጥ ከ10 ያነሰ ምልክት ካለ ከነጭራሹ መቶኛ አታውጡ።

አማካይ መስመሩ ልጆችን እንደሚመራ በጥናትም ታይቷል። ክሪስቲን ማልኸርን የተባለች ተመራማሪ በ2021 በታተመ ሥራዋ የናቪያንስን ሥዕል መርምራ ነበር። ተማሪዎች ሥዕሉን ማየት በቻሉበት ኮሌጅ ላይ የማመልከታቸውም የመግባታቸውም ዕድል ይጨምራል፤ ከነሱ ጋር የሚመሳሰሉ ልጆች ሲገቡ ስላዩ። ይህ መልካም ጎኑ ነው፣ በቤተሰቡ ኮሌጅ የገባ ሰው ለሌለው ልጅ ትልቅ ነገር ነው ብለን እናምናለን። በሌላ በኩል ግን ከአማካዩ በታች ሆነው ራሳቸውን ያዩ ተማሪዎች ለመግባት ከባድ ለሆኑ ኮሌጆች ማመልከት ይተዋሉ። ማንም ሳይከለክላቸው ራሳቸውን ይከለክላሉ ማለት ነው።

ምልክቱ የሚደብቃቸው ነገሮች

አንድ አረንጓዴ ምልክት ሁለት ቁጥር ብቻ ይዟል። ልጁ የስፖርት ምልምል ይሁን፣ አባቱ እዚያ የተማረ ይሁን አይልም። ይህ ደግሞ ጥቃቅን ነገር አይደለም። በሃርቫርድ ላይ በተመሠረተው ክስ ፍርድ ቤት የቀረበው መረጃ እንዳሳየው፣ የስፖርት ምልምሎች፣ የቀድሞ ተማሪዎች ልጆች፣ በቅበላ ኃላፊው (ዲን) ልዩ ዝርዝር ላይ ያሉና የሠራተኞች ልጆች ተደምረው ከአመልካቹ 5 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ከተቀባዮቹ ግን 30 በመቶ ገደማ ነበሩ። በሥዕሉ ታችኛ ጥግ ላይ ብቻዋን የተቀመጠች አረንጓዴ ስታዩ «በዚህ ውጤትም ይገባል» ብላችሁ አትደምድሙ። «የእገሌ ልጅ በ1390 ኤስኤቲ ገባ» የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከእንደዚህ ዓይነቷ ምልክት ነው።

የትምህርት ዘርፍም እንዲሁ አይለይም። በትልልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ኢንጂነሪንግ ለመግባት ያለው ሽሚያና ታሪክ ለማጥናት ያለው ሽሚያ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ ሥዕሉ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ቦታ ተደባልቀው ይቀመጣሉ።

ኧርሊ ዲሲዥን ሌላው ነው። በኧርሊ ዲሲዥን የሚያመለክት ልጅ ከተቀበሉት ሌላውን ማመልከቻ ሁሉ አንሥቶ እዚያ ለመግባት ቃል ይገባል። ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 1 ወይም 15 (ኖቬምበር) ነው፣ መልሱ ታኅሣሥ (ዲሴምበር) አጋማሽ ላይ ይመጣል። ብዙ የግል ኮሌጆች ከአዲስ ገቢዎቻቸው ቦታ ትልቁን ድርሻ በዚህ ስለሚሞሉ፣ በመደበኛው ዙር የሚያመለክት ልጅ በሥዕሉ ላይ ያለውን አረንጓዴ ሁሉ የራሱ ዕድል አድርጎ ማንበብ የለበትም። ቁጥሩን ለማግኘት ኮሌጁ በየዓመቱ የሚያወጣውን ኮመን ዳታ ሴት የሚባል ሰነድ ፈልጉ፤ ነጻ ነው። ክፍል ሲ1 ጠቅላላ ያመለከቱትንና የተቀበሏቸውን፣ ሲ21 በኧርሊ ዲሲዥን ያመለከቱትንና የተቀበሏቸውን ይዟል። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀንሱ፤ የቀረው የመደበኛው ዙር ነው። ሲ7 ደግሞ ኮሌጁ ለክፍል ደረጃ፣ ለድርሰት፣ ለፈተና፣ ለቀድሞ ተማሪ ልጅነት ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ ይነግራችኋል። ከናቪያንሱ ሥዕል ጋር ይህን አንድ ሰነድ ያላነበበ ልጅ ግማሹን ብቻ ነው ያየው።

ፈተናውን በተመለከተ የአሁኑ ሥዕል ከሁሉ የባሰ የተምታታበት ዘመን ላይ ነው። ከ2020 ጀምሮ አብዛኞቹ ኮሌጆች ፈተናን አማራጭ አደረጉ። ኤምአይቲ በ2022 ግዴታነቱን መለሰ፤ በ2024 ዳርትመዝ፣ ብራውን፣ ሃርቫርድና ካልቴክ ተከተሉ። ሥዕሉ የእነዚህን ዓመታት አመልካቾች ደባልቆ ከያዘ፣ በዝቅተኛ ኤስኤቲ የተቀመጠ አረንጓዴ ልጁ ውጤቱን ለኮሌጁ የላከው ይሁን የደበቀው ከምልክቱ አታውቁም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲስተም ጭራሽ ከ2021 ጀምሮ ኤስኤቲንም ኤሲቲንም ለመቀበል ውሳኔ አያይም፤ ስለዚህ ለበርክሌይ ወይም ለዩሲኤልኤ የሥዕሉን አግድም መስመር ሙሉ በሙሉ ተዉት፣ ወደ ላይ የሚወጣውን ብቻ አንብቡ። ሰኔ 29 ቀን 2023 (ጁን) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘርን ለመቀበል መስፈርት ማድረግን መከልከሉም ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉትን ምልክቶች በአንድ ዓይን እንዳታዩ የሚያደርግ ለውጥ ነው።

አጠገባችሁ ያለው ልጅ ተፎካካሪ ነው?

ይህ ጥያቄ የልጆቹን እንቅልፍ የሚነሣ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ለመግባት ከባድ የሆኑ ኮሌጆች አብዛኞቹ አገሩን በአካባቢ ከፍለው ለማመልከቻ አንባቢዎቻቸው ያከፋፍላሉ። ከአንድ ትምህርት ቤት የመጡ ማመልከቻዎች ስለዚህ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው እጅ ያልፋሉ። ካውንስለሩ ከማመልከቻው ጋር ስኩል ፕሮፋይል የሚባል አንድ ሁለት ገጽ ይልካል፦ ስንት ተመራቂ አለ፣ ስንት ኤፒ ይሰጣል፣ ጂፒኤው እንዴት ይሰላል፣ ደረጃ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም። ኮመን አፕ በሚባለው፣ ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ላይ በሚመለከትበት ድረ ገጽ፣ ስኩል ሪፖርት ላይ ደግሞ ልጁ የወሰዳቸው ትምህርቶች በዚያ ትምህርት ቤት ካሉት አንጻር ምን ያህል ከባድ እንደነበሩ በደረጃ ይሞላል፤ ከፍተኛው «እጅግ ከባድ» የሚለው ነው። ልጁ የሚለካው ትምህርት ቤቱ ባቀረበለት ልክ ነው ማለት ነው። አምስት ኤፒ ብቻ በሚሰጥበት አምስቱንም የወሰደ ልጅ፣ ሃያ አምስት በሚሰጥበት አሥር ከወሰደው ያንሳል ተብሎ አይገመትም።

ከአንድ ትምህርት ቤት ይህን ያህል ብቻ የሚል ኮታ እንደሌላቸው የሚናገሩ ኮሌጆች ብዙ ናቸው። ይሁንና ሁለት ማመልከቻ ጎን ለጎን ሲነበብ መነጻጸሩ አይቀርም። እዚያ ላይ የሚጎዳው የጓደኛ ኤስኤቲ በ20 መብለጡ አይደለም፤ ተመሳሳይነት ነው። አንድ ሮቦቲክስ ክለብ ውስጥ ያሉ ሦስት ልጆች ሦስቱም «በቡድን ሆነን ሮቦት ሠራን» ብለው ቢጽፉ አንባቢው ማንን ከማን ይለይ? ኮመን አፕ 10 እንቅስቃሴ ይፈቅዳል፤ ለእያንዳንዱ መግለጫ የሚሰጠው 150 ፊደል ብቻ ነው። ክለቡ ምን እንደሆነ ለማስረዳት አታባክኑት። የእናንተን እጅ ሥራ ብቻ ጻፉ፦ «የክንዱን ሞተር ኮድ ጻፍኩ፤ ለ9ኛ ክፍል ልጆች በሳምንት 2 ቀን ሽቦ አያያዝ አስተማርኩ» የሚል ልጅ ከሌሎቹ ሁለት ይለያል።

የድጋፍ ደብዳቤውም ላይ ያው ነው። ሁሉም የሚሮጡት ወደ አንዱ የካልኩለስ መምህር ነው፤ መምህሩ ለሠላሳ ልጅ ሲጽፍ ደብዳቤዎቹ መመሳሰላቸው የማይቀር ነው። 11ኛ ክፍል ሳያልቅ፣ በግንቦት ገደማ፣ በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ። አንድ ገጽ ስጡት፦ በክፍሉ የሠራችሁት አንድ ሥራ፣ ከብዷችሁ የነበረ አንድ ርዕስና እንዴት እንደወጣችሁት፣ የምታመለክቱባቸው ኮሌጆችና ቀኖች። ዝም ያለች ልጅ ከሆነች ይህ ገጽ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እሷን ነው።

እውነተኛ የክፍል ውስጥ ውድድር ያለበት ቦታ ግን አለ፤ እሱን ደብቀን ማለፍ አንፈልግም። ቴክሳስ ውስጥ በ1997 የወጣው ሕግ ከክፍላቸው ከላይኛው 10 በመቶ ውስጥ የሆኑ ተማሪዎችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ያለ ጥያቄ እንዲቀበሉ ያዛል። ለኦስቲኑ ዩኒቨርሲቲ የተለየ ገደብ አለው፤ ለዓመታት ከላይኛው 6 በመቶ ነበር፣ ከ2026 መኸር ገቢዎች ጀምሮ 5 በመቶ ሆኗል። 400 ተመራቂ ባለበት ትምህርት ቤት 24 የነበረው ወንበር 20 ሆነ ማለት ነው። ሃያኛና ሃያ አንደኛ በሆኑት ልጆች መካከል ያለው የጂፒኤ ልዩነት ከነጥብ በኋላ ሦስተኛው አኃዝ ላይ ሊሆን ይችላል። እዚህ ናቪያንስ አይረዳችሁም፤ የሚያስፈልገው ደረጃው መቼና በየትኞቹ ትምህርቶች እንደሚሰላ የሚገልጸው የዲስትሪክቱ ደንብ ነው። 9ኛ ክፍል ላይ አንብቡት፤ 12ኛ ላይ ካነበባችሁት የሚለወጥ ነገር የለም። ደግሞም ዩኒቨርሲቲው ይቀበላችኋል እንጂ የመረጣችሁትን ዘርፍ አያረጋግጥም። ካሊፎርኒያ ውስጥ በተመሳሳይ ከትምህርት ቤታቸው ከላይኛው 9 በመቶ የሆኑ ልጆች በሲስተሙ ውስጥ ቦታ ይያዝላቸዋል፤ የሚፈልጉት ካምፓስ ላይ ይሁን አይሁን ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሰነድ የሚልከው ክፍል

ኢዶክስ ይባላል። ከሥዕሉ ይልቅ የምናመሰግነው ይህን ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ ሥራውን በአግባቡ ይሠራል። ካልተጠበቀ በጥቅምት መጨረሻ ራስ ያዞራል።

ኮመን አፕ ነሐሴ 1 (ኦገስት) ይከፈታል። አካውንት ክፈቱ፣ ስለ ትምህርታችሁ የሚጠይቀውን ክፍል ሙሉ፣ ቢያንስ አንድ ኮሌጅ ጨምሩ። ከዚያ በዚያ ኮሌጅ ሥር ፈርፓ (የተማሪ መረጃ ግላዊነት ሕግ) የሚለውን ገጽ ፈርሙ። እዚያ ላይ የድጋፍ ደብዳቤዎቹን በኋላ የማየት መብታችሁን ትተዉ እንደሆነ ይጠይቃችኋል፤ ካውንስለሮች በአብዛኛው መተዉን ይመክራሉ፣ ደብዳቤው ልጁ ያየዋል ተብሎ ያልተጻፈ መሆኑ የበለጠ እንዲታመን ስለሚያደርገው። ይህ ከተፈረመ በኋላ ነው ወደ ናቪያንስ ተመልሳችሁ «የማመለክትባቸው ኮሌጆች» በሚለው ገጽ ላይ ሁለቱን አካውንት የምታገናኙት። ፈርፓው ሳይፈረም ለማገናኘት መሞከር ከተለመዱት ስህተቶች አንዱ ነው። ሌላው የኢሜይል ነው፦ ናቪያንስ የትምህርት ቤቱን ኢሜይል ያውቃል፣ ልጁ ኮመን አፑን የከፈተው በግል ኢሜይሉ ነው። ማስገባት ያለበት ኮመን አፑን የከፈተበትን ነው፤ የትውልድ ቀኑም በሁለቱም ቦታ አንድ መሆን አለበት። በመዝገብ ላይ የትውልድ ቀናቸው ወይም የአባት ስማቸው በተለያየ መንገድ የተጻፈባቸው ልጆች በቤተሰቦቻችን ብዙ ስለሆኑ፣ ይህን በበጋው ዕረፍት አስተካክሉት።

ትምህርት ቤቱ ኢዶክስ የሚጠቀም ከሆነ መምህራንን በኮመን አፕ አትጋብዙ፤ ጥያቄው የሚሄደው በናቪያንስ ነው። በሁለቱም የጋበዘ ልጅ መምህሩን ያምታታል፣ ደብዳቤውም ሳይላክ ሊያድር ይችላል። ለእያንዳንዱ ኮሌጅ በኮመን አፕ ነው ወይስ በቀጥታ የምታመለክቱት የሚለውን በትክክል ምረጡ፤ ሰነዱ የሚሄድበትን መንገድ የሚወስነው እሱ ነው። ከኧርሊ ዲሲዥን ወደ መደበኛ ከቀየራችሁ ናቪያንስ ላይም ቀይሩ፤ ካውንስለሩ የሚያየው የቀን ገደብ እዚያ ያለውን ነውና።

ናቪያንስ የማይልከው ሁለት ነገር አለ፦ ማመልከቻችሁንና ይፋዊ የኤስኤቲ ውጤታችሁን። ትራንስክሪፕቱ «ተልኳል» ሲል አይቶ ማመልከቻው የገባ መስሎት የቀን ገደብ ያለፈበት ልጅ አይጠፋም። ማመልከቻው የሚገባው ኮመን አፕ ላይ ነው።

ማስታወቂያውና መረጃው

ለኛ ትልቁ ቅሬታ ይህ ነው። ከናቪያንስ ጋር ኢንተርሴክት የሚባል ሌላ ምርት አለ፤ ኮሌጆች ከፍለው ለተማሪዎቹ የሚታዩበት ነው። በጥር 2022 (ጃንዋሪ) ዘ ማርካፕ የተባለው የምርመራ ዘገባ ድርጅት፣ ኮሌጆች ማስታወቂያቸው ለየትኞቹ ተማሪዎች እንደሚታይ ሲመርጡ ዘርን ጭምር መምረጥ ይችሉ እንደነበር ይፋ አድርጓል። ትምህርት ቤት ግዴታ ያደረገው ሲስተም ውስጥ ማስታወቂያ መግባት የለበትም ብለን እናምናለን። ልጁ «ይህ ኮሌጅ ከናንተ ጋር ይስማማል» የሚል ሲያይ ካውንስለሩ የመረጠለት ይመስለዋል። ከዝርዝራችሁ ውስጥ የትኛው ኮሌጅ በፍለጋ እንደመጣና የትኛው በማስታወቂያ እንደመጣ ለዩ፤ በማስታወቂያ የመጣውን ኮመን ዳታ ሴቱን ሳታዩ አታስገቡት።

ሌሎች አማራጮችስ? ስኮይርና ማያለርኒንግ ተመሳሳይ ሥዕል ያሳያሉ፤ የስኮይር ገጽ ለስልክ ይመቻል። ነገር ግን የሚመርጠው ትምህርት ቤቱ ስለሆነ ሐሳቡ ብዙ አያራምድም፤ ከላይ ያልነው የሳጥን አቆጣጠር ለሁሉም ይሠራል።

ለማን ይሆናል? ከትምህርት ቤታችሁ በየዓመቱ ብዙ ልጅ ለሚያመለክትበት የስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥዕሉ ከማንም ምክር የተሻለ ነው፤ መቶ ሁለት መቶ ምልክት ሲኖር የት ላይ አረንጓዴው እንደሚበዛ በዓይን ይለያል። ከመቶ 15 በታች ለሚቀበሉ ኮሌጆች ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚነግራችሁ፦ አረንጓዴና ቀይ አንድ ቦታ ተደራርበው ካያችሁ፣ በውጤት ብቻ የሚለይ ነገር እዚያ አልቋል ማለት ነው። ውጤታችሁ ከዚያ ክምር ውስጥ ከሆነ አመልክቱ፤ ከክምሩ በታች ከሆነም ቢበዛ አንድ ሁለቱን ጨምሩ። ኮመን አፕ እስከ 20 ኮሌጅ ይፈቅዳል፤ ሃያውንም ከላይኛው መደርደር ግን ጊዜና የማመልከቻ ክፍያ ማባከን ነው። ጓደኛችሁ የት እንዳመለከተ ለማወቅ ሥዕሉን አትመርምሩ። የዚህ ዓመት አመልካቾች እዚያ ላይ የሉም፤ ያሉት ያለፉት ዓመታት ልጆች ናቸው።

ሥዕሉ የሚታመነው ልጆች ውጤታቸውን ሲሞሉ ነው። የተቀበሏቸው ልጆች ቶሎ ይሞላሉ፣ ያልተሳካላቸው ባዶ ይተዉታል፤ ቀዩ ሲጎድል አረንጓዴው ከእውነቱ በላይ ይበዛል። መጋቢት መጨረሻ (ማርች) ላይ መልሶች ሲመጡ በእያንዳንዱ ኮሌጅ መስመር ላይ ገብታችሁ ውጤቱን ምረጡ፤ ያልተሳካውንም፣ ዌይትሊስቱንም። የምትገቡበትን ኮሌጅ እስከ ግንቦት 1 (ሜይ) ምልክት አድርጉበት፤ የመጨረሻው ትራንስክሪፕት በሰኔ የት እንደሚላክ ካውንስለሩ የሚያየው ከዚያ ነው።